በሰው እጅ ያለውን አስቀድሙ

ውጭ አገር ሄደው መማር የሚፈልጉ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ያማክሩኛል። ወሬው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከአገር ይጀምራል። ካናዳ ይሻላል ወይስ ጀርመን? እንግሊዝ ዘንድሮ ቪዛ እየሰጠች ነው? ከዚያ ስኮላርሺፕ ይከተላል። ከዚያ ሻንጣ። ሁሉንም ከሰማሁ በኋላ እኔም አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ከሚያስፈልጓችሁ ነገሮች ውስጥ በሌላ ሰው እጅ ያለው የትኛው ነው?

ጥያቄው ግር ይላቸዋል። ለምን እንደምጠይቅ ላስረዳ። የማመልከቻ ድርሰት ሌሊት ቁጭ ተብሎ ይጻፋል። ለቋንቋ ፈተና ቅዳሜና እሁድን ሠውቶ መዘጋጀት ይቻላል። የመምህር ፊርማ ግን ሌሊት ቁጭ ስለተባለ አይመጣም። የሬጅስትራር ማኅተም፣ የኤምባሲ ቀጠሮ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የዶርም ምላሽ፣ እነዚህ ሁሉ የሚንቀሳቀሱት በሌላ ሰው ሰዓት ነው። የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ አይፈጥኑላችሁም። ጎበዝ ተማሪዎች ዕድል ሲያመልጣቸው አይቻለሁ። እውቀት አንሷቸው አልነበረም። አንድ ወረቀት ከአንድ ቢሮ ሳይወጣ ቀኑ አልፎባቸው ነው። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ይህንን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

መቼ እንጀምር ለሚለው፣ ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቢቻል አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብላችሁ ጀምሩ እላለሁ። የተጋነነ ይመስላል። ግን አስሉት። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የትምህርት ዘመን የሚከፈተው በአብዛኛው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ብዙ የዶክትሬት ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚዘጉት ከዚያ በፊት ባለው ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ የተባለው ስኮላርሺፕ ደግሞ ይቀድማል። ትምህርቱ ሊጀመር አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ማመልከቻው ይከፈትና ብዙም ሳይቆይ ይዘጋል። አውስትራሊያ ከሆነ ሌላ ነው። እዚያ ዋናው መግቢያ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ነው። አገር ስትቀይሩ የቀን መቁጠሪያውም አብሮ ይቀየራል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከትምህርቱ። አገሩ ሁለተኛ ነው። ይህ የራሴ አቋም ነው፣ ብዙ ሰው አይስማማበትም። አገሩን መጀመሪያ የሚመርጡ ሰዎች ምክንያት አላቸው። እዚያ ዘመድ አለ፣ ቋንቋው አይከብድም፣ ተመርቆ ሥራ የማግኘት ተስፋ አለ። እረዳቸዋለሁ። ሆኖም በየቀኑ ጠዋት ተነስታችሁ የምትገቡት አንድ የተወሰነ ክፍል ውስጥ ነው። የምትሰሙት የተወሰኑ ሰዎችን ነው። ያ ክፍል የማይስማማችሁ ከሆነ አገሩ የቱንም ያህል ቢያምር የትምህርቱ ጊዜ አይገፋም።

የፕሮግራም ርዕስ ደግሞ ያታልላል። «የሕዝብ ጤና ማስተርስ» የሚሉ ሁለት ፕሮግራሞችን ብትከፍቱ አንዱ ከላይ እስከ ታች ስታቲስቲክስ ሊሆን ይችላል። ሌላው ፖሊሲና አስተዳደር። ስለዚህ ፈገግ ያሉ ተማሪዎች ፎቶ ያለበትን ገጽ እለፉና የኮርስ ዝርዝሩን አውጡ። እያንዳንዱ ኮርስ ስንት ክሬዲት እንደሆነ እዩ። አውሮፓ ውስጥ ይህ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ ላይ ከተጀመረው ስምምነት ወዲህ አብዛኞቹ አገሮች ተመሳሳይ አቆጣጠር ይጠቀማሉ። የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይሰላል። ክፍል መቀመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ለፈተና መዘጋጀት፣ ሁሉም ተደምሮ ነው። በዓመት ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ይሆናል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ተመለሱ። ለመመረቂያ ጽሑፍ 30 ክሬዲት የመደበ ፕሮግራም ግማሽ ዓመታችሁን ከአንድ ጥያቄ ጋር ብቻችሁን ያስቀምጣችኋል። ይህ ደስ የሚለው ሰው አለ። የሚጨንቀውም አለ። ራሳችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዝርዝሩ ሌላም ነገር ያሳያል። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ውስጥ ይህን ያህል ሒሳብ፣ ይህን ያህል የዘርፉ ኮርስ አለ ወይ ብለው ይቆጥራሉ። ገና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ የጎደለውን ኮርስ ባለበት ዩኒቨርሲቲ መውሰድ ይችላል። የተመረቀ ሰው ግን ይቸገራል። ለዚህ ነው ማሰብ የሚጀመረው ተማሪ እያላችሁ ነው የምለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፕሮግራሙ መምህራን የአንዱን ጽሑፍ ፈልጋችሁ አንብቡ። ሙሉውን ባይገባችሁም ግድ የለም። እዚያ ቤት ሰዎች ስለ ምን እንደሚከራከሩ ታውቃላችሁ። ይህ እውቀት በኋላ ድርሰቱ ላይ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ውሳኔያችሁ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ መምህራን በዚህ ሁሉ ጉዞ ትልቁን ውለታ የሚውሉላችሁ ናቸው። ለዚህ አይከፈላቸውም። ፈተና ያርማሉ፣ ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ ቤታቸው ልጅ ይጠብቃቸዋል። ደብዳቤ የሚጠይቃቸውም እናንተ ብቻ አይደላችሁም። እነሱን «ነገ ይዘጋል፣ እባክዎ» ብሎ ማስጨነቅ ነውር ነው። ቢያንስ አንድ ወር ስጧቸው። ቀኑ ሲቃረብ ደግሞ በጨዋ ቋንቋ አስታውሷቸው። ማስታወስ ድፍረት አይደለም። ብዙዎቹ እንዲያውም ያመሰግናሉ።

ማን ይጻፍልኝ የሚለውም ያሳስበኛል። ብዙ ሰው ስመ ጥሩውን ፕሮፌሰር ወይም ዲኑን ያሳድዳል። ዲኑ የማያውቁህ ከሆነ የሚጽፉት «ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ነበር» ከማለት አያልፍም። መራጩ ኮሚቴ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሲያነብ ስለ አንተ የሚያውቀው ነገር የለም። ፕሮጀክትህን የተከታተለችው ወጣት ሌክቸረር ትሻላለች። ዳታው ሲበላሽ ምን እንዳደረግህ ታውቃለች። ረቂቁን ስንት ጊዜ እንደመለሰችልህ፣ እንዴት አስተካክለህ እንዳመጣኸው ታስታውሳለች። ማዕረጓ አያስጨንቅህ፣ የምታውቀውን ብቻ ትጻፍ።

የእኔን ልንገራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከሩኝን መምህር ቢሯቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። አንድ ገጽ ጽፌ ይዤ ነበር። የት እንደማመለክት፣ ለምን ያንን እንደመረጥኩ፣ በእሳቸው ኮርስ ምን እንደሠራሁ፣ ደብዳቤው በምን ቀንና በምን መንገድ እንደሚላክ። መነጽራቸውን አጠለቁና ቀይ እስክሪብቶ አነሱ። የተማሪ ወረቀት እንደሚያርሙ ሆነው ከላይ ጀመሩ። «ለምን» የሚለው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ሥር አሰመሩ። «ይህንን ማንም ይላል» አሉኝ። «መጨረሻው ምዕራፍ ላይ የተከራከርንበት፣ መልስ ያጣህለት ነገር አልነበረም? እሱ የት ሄደ?»

ቤት ገብቼ ድርሰቴን ከዚያ ጥያቄ ጀምሬ ጻፍኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ለሚያማክሩኝ ሁሉ የማስተላልፈው ይህንኑ የእሳቸውን ምክር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እመኝ ነበር ብለው የሚጀምሩ ድርሰቶች ብዙ ናቸው። ምኞቱ እውነት ነው፣ አልጠራጠርም። ነገር ግን ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ለምን መማር እንደፈለገ ማስረዳት አይቸግረውም። ጥያቄው ራሱ ያስረዳለታል። ትልቅ መሆን የለበትም። የእናንተ ይሁን እንጂ ትንሽም ይበቃል።

የሰው ደጅ መጥናት የሚያሳፍራቸው ተማሪዎች አሉ። ሁለተኛ ኢሜይል ለመላክ ሳምንት ያመነታሉ። ለነሱ ኢራስመስን አነሳላቸዋለሁ። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ትልቁ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም በዚህ ስም የሚጠራው ከ500 ዓመት በፊት የኖረውን የሮተርዳሙን ምሁር በማስታወስ ነው። ፓሪስ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1506 ቱሪን ላይ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ካምብሪጅ አስተማረ፣ ሉቨንና ባዝል ኖረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ፓሪስ ሳለ ገንዘብ አጥሮት ተማሪ ያስጠና ነበር። ለትምህርቱ እንዲረዱት ለባለጸጎች ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ዛሬ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከአገራቸው ውጭ በከፍተኛ ትምህርት ላይ ናቸው። ሁሉም የሆነ ቦታ የሰው ደጅ ጠንተው ነው እዚያ የደረሱት።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ፓስፖርታችሁን አውጡና ስማችሁ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል እዩት። ትራንስክሪፕቱን፣ ዲግሪውን፣ የልደት ሰርተፊኬቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቋንቋው በላቲን ፊደል የማይጻፍ ሰው ሁሉ ይህ ጣጣ አያጣውም። አንድ ጓደኛዬ ፓስፖርቱ ላይ ስሙ በሁለት «ኤስ» ተጽፏል። ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ ነው። ለሰው ዓይን ያው ስም ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራው፣ ሌላው መልሶ ሲልከው ወራት ፈጀበት። የቋንቋ ፈተና ስትመዘገቡም ስማችሁ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መሆን አለበት። ፓስፖርቱ የሚያበቃበትንም ቀን አትርሱ። ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት የሚጠይቁ አገሮች ብዙ ናቸው።

ዲግሪያችሁ በሌላ አገር እንዲታመን ማረጋገጫ ሊጠየቅበት ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የሄግ ስምምነት አባል የሆኑ አገሮች አፖስቲል በሚባል አንድ ማረጋገጫ ሰነድ ይቀባበላሉ። ከእናንተ አገርና ከምትሄዱበት አገር አንዱ አባል ካልሆነ ወረቀቱ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ይነሳል፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያልፋል፣ መጨረሻ ኤምባሲው ይደርሳል። እያንዳንዱ ማኅተም የሚያረጋግጠው ከሱ በፊት ያለውን ማኅተም ነው። ስለዚህ አንዱን መዝለል አይቻልም። ከመሃል አንዱ ኃላፊ እረፍት ላይ ቢሆን ሰልፉ በሙሉ ይቆማል። በሰው እጅ ያለው ይቅደም የምለው እንዲህ ያለውን ነገር እያሰብኩ ነው።

ስለ ቋንቋ ፈተና ብዙ የምለው የለኝም፣ ምክሩ በየቦታው ሞልቷል። አይኤልትስም ቶፍልም የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ውጤታቸው የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። በጣም ቀድሞ መፈተንም ያከስራል። ይልቅ ፈተናው የማይለካው ነገር ያሳስበኛል። የአይኤልትስ የንግግር ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። ፈታኙ ፊት ለፊታችሁ ሆኖ እናንተን ብቻ ይሰማል። ክፍል ውስጥ ግን አምስት ሰው በአምስት ዓይነት አነጋገር እየተቀባበለ ይከራከራል። ለመናገር ስታስቡ ርዕሱ አልፏል። ለዚህ የሚያዘጋጀው ልምምድ ሌላ ነው። የአሜሪካውን ኤምአይቲ ጨምሮ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ሌክቸሮቻቸውን በኢንተርኔት በነጻ ከለቀቁ ቆይተዋል። በዘርፋችሁ አንዱን ምረጡ። ከቪዲዮው ሥር የሚወጣውን ጽሑፍ አጥፍታችሁ ስሙ፣ እየሰማችሁ ማስታወሻ ያዙ። ሲያልቅ ማስታወሻውን ብቻ እያያችሁ ሌክቸሩ ምን እንዳለ በግማሽ ገጽ ጻፉ። መጀመሪያ አድካሚ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እጅና ጆሮ አብረው መሥራት ይለምዳሉ። የእኔን የመጀመሪያ ሴሚስተር ያቀለለልኝ ይህ ነው።

ገንዘብ። እዚህ ላይ ስለ አገሩ ሕግ ማወቅ ግድ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ አገር «ራስህን ትችላለህ?» የሚለውን በራሱ መንገድ ነው የሚጠይቀው። ጀርመን ያለ ስኮላርሺፕ የሚሄድ ተማሪ ብዙ ጊዜ የተዘጋ አካውንት፣ ማለትም ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የማይወጣበት ሒሳብ፣ እንዲከፍት ትፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ2025 መጠኑ በዓመት 11,904 ዩሮ ነበር። እዚያ ስትደርሱ በየወሩ እየተከፈለ ይለቀቅላችኋል፤ በዚያ መጠን በወር 992 ዩሮ ማለት ነው። እንግሊዝ ደግሞ ገንዘቡ ለ28 ተከታታይ ቀናት ከአካውንቱ ሳይጎድል መቆየቱን ታያለች። በ27ኛው ቀን ለአስቸኳይ ነገር ትንሽ አውጥቶ ከተፈለገው መጠን በታች የወረደ ሰው ቆጠራውን እንደገና ይጀምራል። አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ቅጽ የሚሰጣችሁ ወጪያችሁ ከየት እንደሚሸፈን ማስረጃ ካየ በኋላ ነው። ከቪዛው ክፍያ ሌላ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 350 ዶላር ነበር። ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። ከማመልከታችሁ በፊት የአገሩን መንግሥት ድረ ገጽ ራሱን ክፈቱ። የጓደኛ ስክሪንሾት አትመኑ፣ አምና የተነሳ ሊሆን ይችላል።

«እዚያ እየሠራሁ እከፍላለሁ» የሚለውን ስሰማ ልቤ ይፈራል። እንግሊዝም አሜሪካም በትምህርት ወቅት ለሥራ የሚፈቅዱት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። አሜሪካ ላይ ያውም በመጀመሪያው ዓመት ከግቢው ውጭ መሥራት አይፈቀድም። ሥራ ደግሞ በደረሳችሁ ሳምንት አይገኝም። ከሁሉ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ናቸው። የቤት መያዣ፣ ኢንሹራንስ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራንስፖርት ካርድ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። እነዚያን ሁለት ወራት የሚያሻግር ገንዘብ በእጃችሁ ሳይኖር አትነሱ። ስኮላርሺፕ ያገኛችሁም ብትሆኑ የመጀመሪያው ክፍያ መቼ እንደሚገባ በጽሑፍ ጠይቁ። ሊዘገይ ይችላልና።

ስለ ደላላ አጭር ነገር ልበል። ቪዛ የሚሸጥ ሰው የለም። «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ሂዱ። የሐሰት የባንክ ወረቀት አንድ ጊዜ ከተያዘባችሁ ስማችሁ ለዓመታት ይበላሻል። ቤትም እንዲሁ ነው። ያላያችሁትን ክፍል፣ ማንነቱን ላላወቃችሁት አከራይ በሐዋላ አትክፈሉ። ከተቻለ በዩኒቨርሲቲው የመኖሪያ ቢሮ በኩል ሂዱ። የተማሪ ዶርም የጥበቃ ዝርዝር በብዙ ከተሞች ረጅም ስለሆነ የመግቢያ ደብዳቤው በደረሰበት ቀን ተመዝገቡ። አንዳንድ ቦታ ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊትም መመዝገብ ይቻላል።

የቪዛ ቃለ መጠይቅ ሰውን ያስጨንቃል። መልስ ሸምድዶ መሄድ ግን አያዋጣም። የአሜሪካ ሕግ የተማሪ ቪዛ አመልካች መጀመሪያውኑ ሊቀር የሚሄድ ሰው ነው ብሎ ይነሳል። አለመሆኑን ማስረዳት የአመልካቹ ድርሻ ነው። ውይይቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ጊዜ ምን እንደምትማሩ፣ ለምን እዚያ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደምታስቡ በጥቂት ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለባችሁ። የኮርስ ዝርዝሩን አንብባችሁ የመረጣችሁ ከሆነ ይህ አይከብድም። ብትከለከሉም የዓለም መጨረሻ አይደለም። ምክንያቱን በጥንቃቄ አንብቡት። የጎደለ ወረቀት ከሆነ ይሟላል። ደግመው የሚያመለክቱ፣ የሚሳካላቸውም ብዙ ናቸው።

ከመሄዳችሁ በፊት ጥርሳችሁንና ዓይናችሁን ታዩ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ትርፍ ያዙ። የክትባት መዝገባችሁን ፈልጉት፤ ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ሁልጊዜ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ በራሱ ማሸጊያ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይሁን። አንዱ አገር የሚታዘዝ ሌላው ጋ የተከለከለ ሊሆን ይችላል። ጃፓን ለምሳሌ አምፌታሚን ያለበትን መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝም ቢሆን አታስገባም። ሰነዶቹ ሁሉ፣ ኦሪጅናሎቹ፣ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይሁኑ።

አሁን ስለምወዳቸው ሰዎች ላውራ። ቤተሰብ ዝግጅቱ ውስጥ አለ። እነሱም እየተዘጋጁ ነው፣ ማንም ግን አይጠይቃቸውም። እናንተ ዴድላይን ትቆጥራላችሁ። እነሱ የምትለዩአቸውን ቀን ይቆጥራሉ። ወላጆቼ ስለ ቪዛው ብዙ አይጠይቁኝም ነበር። «ብትታመም ማን ያይሃል?» ነበር ጥያቄያቸው። መልስ ሊሰጠው የሚገባ ጥያቄ ነው። ኢንሹራንሱ ምን እንደሚሸፍን፣ የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የት እንዳለ፣ የምኖርበትን አድራሻና የአንድ ክፍል ጓደኛዬን ስልክ ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ሲያጥፉት ፊታቸው ላይ ያየሁት ለውጥ ከየትኛውም የማበረታቻ ቃል በላይ ነበር። ስንት ጊዜ እንደምትደዋወሉም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በየቀኑ ብላችሁ ቃል አትግቡ። አንድ የተወሰነ ቀን ይኑራችሁና እሱን ጠብቁ።

ብቸኝነት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1955 ስቬሬ ሊስጎር የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ ፉልብራይት በሚባለው የአሜሪካ ስኮላርሺፕ አሜሪካ ስለቆዩ ኖርዌያውያን ጥናት አሳትሞ ነበር። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል የቆዩት፣ ከዚያ ካነሰ ጊዜም ከዚያ ከረዘመም ከቆዩት ይልቅ መላመድ ከብዷቸው አገኘ። መጀመሪያ አዲስነቱ ይሸከማችኋል፣ በኋላ መልመድ ይመጣል፣ ከባዱ መሃሉ ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሁሉም ሰው በዚህ መስመር አይሄድም ብለዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ራሱ የሚከብደው ብዙ ሰው አለ። እኔ ከጥናቱ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ደህና ከከረማችሁ በኋላ በድንገት ሆድ ቢብሳችሁ ምንም አልተበላሸም። ብዙ ሰው እዚያ ቦታ አልፏል። ከሰው ጋር የምትሠሩትን አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። መዝሙር፣ ኳስ፣ ቼዝ፣ ሩጫ፣ የትኛውም ይሁን። ቋንቋውን በደንብ ሳይችሉም ከሰው የሚያቀራርብ እንዲህ ያለው ነው። የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት ቢሮ አድራሻም ደህና ሳላችሁ እወቁት። ሲከፋችሁ መፈለግ ይከብዳል።

የመግቢያ መልስ ሲመጣ መጀመሪያ ደብዳቤ ለጻፉላችሁ መምህራን አሳውቁ። መልሱ እምቢ ቢሆንም ንገሯቸው። ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች ነገሩ የት እንደደረሰ ማወቅ ይገባቸዋል። ቀጣዩን ደብዳቤ የሚጽፉትም እነሱው ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጊዜ የእናንተ ነው። ወረቀቱ በየቢሮው እየዞረ ሳለ እናንተ ለትምህርቱ ተዘጋጁ። ምንጭ አጠቃቀስን አሁኑኑ ልመዱ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያልተጠቀሰ የሰው ሐሳብ እንደ ስርቆት ነው የሚያዩት፣ አላወቅሁም ነበር ማለት አያድንም። ዞቴሮ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ምንጮቻችሁን ይመዘግብላችኋል፣ ዝርዝሩንም ራሱ ያወጣላችኋል። ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑና በያዛችሁት ጽሑፍ ተለማመዱበት። ከዚያ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ኮርሶች አውጡ። ብዙ መምህራን ተማሪ በነጻነት ገብቶ የሚያናግራቸው ሰዓት አላቸው። ብዙ አዲስ ተማሪ ግን ችግር ካልገጠመው አይሄድም። እናንተ በሁለተኛው ሳምንት ሂዱ። የመምህሩን ጽሑፍ አንብባችሁ ያልገባችሁን አንድ ነገር ከወዲሁ በወረቀት ጻፉና ያዙ። «ገጽ ይሄ ላይ ይህን ብለዋል፣ እዚህ ጋ ግን አልተከተልኩዎትም» ብላችሁ ጀምሩ።